ዘንጉን ስለ መልቀቅ



የዘንድሮው ጉባኤ አዘጋጅ ኮሚቴ በሥራ ቦታ ስለሚደረግ ቁጥጥር እንድናገር በጋበዘኝ ጊዜ፣ ርእሱን ተቀብዬ ወደ ርእሱ የምገባበትን መንገድ ግን እኔው እንድመርጥ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ኮሚቴውም መንገዱ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይመረምር ፈቀደልኝ። ስለ ባሌት ውዝዋዜ ልናገር መምጣቴን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ይፈቅድልኝ እንደ ነበር እጠራጠራለሁ። ስለሆነም ከንግግሬ በፊት ይቅርታችሁን፣ ከንግግሬ በኋላ ደግሞ ፍርዳችሁን እጠይቃለሁ።

ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነው። የምኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጀሞ ነው፤ በሙያዬም የሕንፃ መሐንዲስ ነኝ። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለቡ አካባቢ በኪራይ በተያዘ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ከግድግዳ ጋር በብረት ማቀፊያ የተያያዘ የእንጨት ዘንግ ይዤ፣ ፒሩዌት የሚባለውን የባሌት ዙር ስማር ቆይቻለሁ። ይህንን ዘንግ የሙያው ሰዎች በፈረንሳይኛ ቃል ባር ይሉታል። ለባለቤቴ “ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ባር መሄዴ ነው” ብዬ በነገርኋት ጊዜ “በዚህ ዕድሜህ ጀመርህ ደግሞ?” ብላ ስለ መለሰችልኝ፣ በቤቴም ሆነ በዚህ ንግግር ዘንግ እያልሁ መጥራትን መርጫለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመውደቅ ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ የሕንፃ ሥራ ላይ፣ የአንደኛውን ፎቅ የቢም ፌሮ ለማየት በባሕር ዛፍ መወጣጫ ስወጣ የረገጥሁት ሳንቃ ከቦታው ተንሸራተተ። ሦስት ሜትር ያህል ወርጄ የአሸዋ ክምር ላይ አረፍሁ። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ፤ ሌላው አካሌ ግን ደኅና ነበር። ጓደኞቼም “አሸዋው አዳነህ” እያሉ ሲያጽናኑኝ፣ እኔም እንደ ዳንሁ አምኜ ነበር።

እጄ በሁለት ወር ውስጥ ጠግኖ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ይሁን እንጂ ወደ ሶሌታ ጠርዝ በተጠጋሁ ቁጥር ወለሉ ከሥሬ የሚዞር ይመስለኝ፣ ጉልበቴም ይከዳኝ ጀመር። ሐኪሞች ጆሮዬንና ራሴን በሚገባ መርምረው፣ የተጎዳ ነገር አለመኖሩን፣ ያለው ፍርሃት ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። መሐንዲስ ከፍታ ፈራ ከሚባል እጁ ሁለተኛ ጊዜ ቢሰበር ይመርጣል። በመሆኑም ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት በሚያስፈልግበት ቀን ሁሉ ምክንያት መፍጠር ተማርሁ። አንድ ቀን ስብሰባ አለብኝ፤ አንድ ቀን ስልክ እየጠበቅሁ ነው፤ አንድ ቀን ደግሞ ጫማዬ ለመውጣት አይመችም።

በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ያህል እንደ ኖርሁ፣ የአራተኛው ፎቅ ሶሌታና በረንዳ አርማታ የሚሞላበት ቀን ደረሰ። ሚክሰሩ ተነሥቷል፤ ሠራተኛው ተሰልፏል፤ ሰማዩም ከእንጦጦ በኩል እየጠቆረ ነው። ፎርማኑ በዚህ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆዩ፣ ጋሼ ብዬ የምጠራቸው ሰው ናቸው። የመወጣጫው ሥር ቆሜ ወደ ላይ ስመለከት አይተውኝ፣ “ኢንጂነር፣ ምን ያደክምዎታል፤ እኔ አንድ በአንድ አይቼዋለሁ” አሉኝ። ሰውየው አልዋሹም፤ በእርግጥም አይተውት ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ። “ታይቶ ተፈቅዷል” በሚለው ቃል ሥር ከመሬት ላይ ቆሜ ፈረምሁ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ፎርማኑ ለብቻዬ ጠርተው፣ “ኢንጂነር፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በሙሌቱ ጊዜ ልጆቹ የበረንዳውን የላይ ፌሮ ሲረግጡት አይቻለሁ። ያነሡታል ብዬ ዝም አልሁ። ማንሣታቸውን ግን አላየሁም” አሉኝ። ደግነቱ የፎርምዎርኩ ድጋፎች ገና አልተነሡም ነበር። አርማታውን በመጠኑ ፈልፍለን ስናይ፣ ከሶሌታው ግርጌ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መገኘት የነበረበት ፌሮ 8 ሳንቲ ሜትር ላይ ተኝቶ አገኘነው። ባልደረቦቼ እንደምታውቁት፣ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ በሚወጣ በረንዳ ላይ የሚሳበው የላይኛው ፊት ነው፤ ፌሮው አራት ሳንቲ ሜትር ሲሰምጥ ከበረንዳው የመሸከም ኃይል ሢሶው ያህል አብሮ ይጠፋል። በረንዳው ፈርሶ እንደገና ተሞላ። ማንም ሰው አልተጎዳም። በሪፖርቱ ላይ “በሙሌት ጊዜ የደረሰ ጉድለት” ብዬ ጻፍሁ። ከመሬት ላይ ቆሜ መፈረሜን ግን አልጻፍሁም። ያን ጊዜ ያልጻፍሁትን ዛሬ በእናንተ ፊት እናገራለሁ።

ወደ አዳራሹ የወሰደችኝ የስምንት ዓመት ልጄ ናት። እሷ ስትማር እኔ በደረጃው አጠገብ እጠብቃት ነበር። አዳራሹ ያለው በሁለተኛው ፎቅ ሲሆን፣ ደረጃው በአንድ በኩል ክፍት ነው። መምህርታቸው በልጅነታቸው በውጭ አገር የባሌት ትምህርት የተከታተሉ፣ አሁን በአምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሴት ናቸው። አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቹን ካሰናበቱ በኋላ፣ “አባትየው፣ የደረጃውን ብረት ሲይዙት አይቻለሁ። ብረቱ የሚያመልጥዎ ይመስል ጨምቀው ነው የሚይዙት። እንደዚያ የሚይዝ ሰው እግሩ የት እንዳለ አያውቅም” አሉኝ። ተቆጣሁ፤ ደግሞም አፈርሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የስፖርት ልብስ በፌስታል ይዤ መጣሁ።

እዚህ ላይ ስለ ባሌት ጥቂት መናገር ይገባኛል። ባሌት በኢጣልያ መሳፍንት ቤቶች ተጀምሮ በፈረንሳይ ሥርዓት የያዘ ጥበብ ነው። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የንጉሣዊ የዳንስ አካዳሚን ያቋቋመው በ1661 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የእንቅስቃሴዎቹ ስሞች እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ሁሉ በፈረንሳይኛ የሚጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ዙሩን ወደ ከፍተኛ ደረጃ ካደረሱት መካከል ፒየሪና ሌኛኒ የተባለችው ኢጣልያዊት ትገኛለች። በ1895 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ ማሪንስኪ ቴአትር፣ የቻይኮቭስኪ ሙዚቃ ባለበት ስዋን ሌክ በተሰኘው ድርሰት ውስጥ፣ በአንድ እግሯ ቆማ 32 ዙር በተከታታይ ዞራለች። ከዚያ ወዲህ ይህን ክፍል የምትጫወት ሴት ሁሉ በእነዚያ 32 ዙሮች ስትመዘን ትኖራለች።

በሀገራችን የመድረክ ውዝዋዜ የራሱ ታሪክ አለው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው የውዝዋዜ መምህር ሮይስተን ማልዱም፣ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ይኖሩ የነበሩ መቶ ያህል ልጆችን አሠልጥኖ ካርሚና ቡራና የተባለውን ሥራ ለመድረክ አበቃ። ከዚሁ ጅምር አዱኛ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተወለደ። ከቡድኑ አባላት አንዱ የነበረው ጁነይድ ጀማል ከ2004 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በሮሌክስ የሥነ ጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ በጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር ለመሠልጠን በቅቷል። የእነርሱ ሥራ ባሌት ሳይሆን ዘመናዊ ዳንስ ነው። ሆኖም ከምንም የተነሣ ሰው በሥርዓትና በትዕግሥት ከሠለጠነ አካሉ የት ሊደርስ እንደሚችል በዚህችው ከተማ አሳይተዋል። እኔ ግን ወደ አዳራሹ የሄድሁት ለመድረክ አልነበረም፤ የምሻው በመወጣጫ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ ነበር።

ዙሩ ራሱ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ተማሪው ግራ እጁን በዘንጉ ላይ አሳርፎ፣ እግሮቹን አስተላልፎ ይቆማል። ጉልበቶቹን ያጥፋል፤ ወዲያው ተስፈንጥሮ በአንድ እግሩ ጣቶች ግርጌ ላይ ይነሣል። የሌላው እግር ጫፍ ከቆመው እግር ጉልበት ጋር ይገናኛል። በዚያች ቅጽበት እጁ ዘንጉን ይለቃል፤ አካሉ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል፤ እጁም ተመልሶ ዘንጉ ላይ ያርፋል። ከዘንጉ ተነሥቶ ወደ ዘንጉ መመለስ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ነው።

መሐንዲስ እንደ መሆኔ በመጀመሪያ ነገሩን በወረቀት ላይ ልፈታው ሞከርሁ። ለመዞር የሚያስፈልገው ኃይል የሚገኘው ከወለሉ ነው፤ ሁለቱ እግሮች ወለሉን በተቃራኒ አቅጣጫ ሲገፉ ወለሉም በበኩሉ አካልን ያዞራል። አንዱ እግር ከወለሉ ከተነሣ በኋላ ግን ሌላ የሚገኝ ነገር የለም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቀድሞ የተቀመጠውን በአግባቡ መጠቀም ነው። ክንዶች ወደ ደረት ሲሰበሰቡ ክብደቱ ወደ ዛቢያው ስለሚጠጋ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ሲዘረጉ ደግሞ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ጽፌ ጨርሼ፣ በሁለተኛው ሳምንት ዙሩን ስሞክር ከመስተዋቱ ጋር ተጋጨሁ።

መምህርታችን ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ያህል አንድም ዙር አላዞሩኝም። በዘንጉ አጠገብ አቁመው ጉልበት ማጠፍና በጣት ግርጌ መነሣት ብቻ አስተማሩኝ። በስድስተኛው ቅዳሜ አንድ ነገር አደረጉ። ከጋዜጣ ሁለት ጣት ያህል ወርድ ያለው ቁራጭ ቀድደው በመዳፌና በዘንጉ መካከል አስገቡት። “አሁን ይነሡ” አሉኝ። በአንድ እግሬ ተነሥቼ ቆምሁ። እርሳቸው የወረቀቱን ጫፍ ይዘው በቀስታ ሳቡት፤ ወረቀቱ ከሁለት ተቀደደ። “አየህ ወይ” ብለው አንቱታውን ረሱት። “ዘንጉን እየተደገፍህ ነው። ሳይቀደድ የወጣ ቀን ብቻህን ትቆማለህ።”

የጋዜጣው ቁራጭ ለሰባት ሳምንታት ተቀደደ። በየሳምንቱ እቤቴ ስገባ ልጄ “ዛሬስ?” ትለኛለች፤ እኔም የተቀደደውን ከኪሴ አውጥቼ አሳያታለሁ። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ግን ቀስ በቀስ አንድ ነገር ተረዳሁ። እጄ ዘንጉን ወደ ታች ሲጫን ክብደቴ ወደ ግራ አዘንብሏል ማለት ነው። ዘንጉን ወደ ራሴ ስስበው ወደ ኋላ አዘንብያለሁ። ስገፋው ደግሞ ወደ ፊት። እንግዲህ ዘንጉ ዝም ብሎ የቆመ እንጨት አይደለም፤ ስሕተቴን ከዓይኔ ቀድሞ የሚነግረኝ መሣሪያ ነው። በእኛ ቋንቋ ብንለው ቱንቢ ነው። ግንበኛ ቱንቢውን አይደገፍበትም፤ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ያይበታል እንጂ። ቱንቢውን የተደገፈ ግንበኛ ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን መለኪያውንም አጥቷል።

ቀጥሎ የመጣው ትምህርት የዓይን ነበር። በዙር ጊዜ ዓይን አንድ ነጥብ ይይዛል። አካል መዞር ሲጀምር ራስ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሊቀር የማይችልበት ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ከአካል ቀድሞ በፍጥነት ዞሮ ያንኑ ነጥብ እንደገና ይይዛል። በእኛ አዳራሽ የኔ ነጥብ በግድግዳው ላይ ያለው የመብራት ቆጣሪ ቀይ ብርሃን ነበር። የዚህ ጥቅሙ ግልጽ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ራስ ሲዞርና ሲቆም ፈሳሹ ከቱቦው ጋር እኩል ስለማይንቀሳቀስና እኩል ስለማይቆም፣ ሰው ከቆመ በኋላም የሚዞር ይመስለዋል። ራስ ረጅም ጊዜ ጸጥ ብሎ በአጭር ጊዜ ከዞረ ግን ይህ መደናገር ይቀንሳል።

በ2013 እ.ኤ.አ. የለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች 29 የባሌት ዳንሰኞችን ከ20 የጀልባ ቀዛፊዎች ጋር አነጻጽረው ባሳተሙት ጥናት፣ ዳንሰኞቹ ከዞሩ በኋላ የሚሰማቸው ማዞር ለአጭር ጊዜ የሚቆይ መሆኑን፣ ከጆሮ የሚመጣውን መልእክት በሚቀበለው የአንጎል ክፍል ላይም ልዩነት መኖሩን አመልክተዋል። ከዚህ ተነሥቼ ባሌት የፍርሃት መድኃኒት ነው ብዬ አላስተምርም። ሐኪም አይደለሁም፤ የኔ ጆሮም ጤነኛ ነበር። የምለው ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ማዞርን በየሳምንቱ በፈቃዴ እየጠራሁ መልሼ ስሸኘው ኃይሉ እየቀነሰ ሄደ።

ራስን ከአካል ለይቶ ማንቀሳቀስ መጀመሪያ ላይ የማይቻል ይመስለኝ ነበር። መምህርታችን ግን ሳቁብኝና “እስክስታ መምታት አትችልም?” አሉኝ። እችላለሁ። ጎጃም ተወልጄ እንዴት አልችልም? በእስክስታ ትከሻ ለብቻው፣ አንገት ለብቻው፣ ደረት ለብቻው ይሠራል። አንገቴ ይህንን መለየት ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቅ ኖሯል። ከፈረንሳይ የመጣውን ትምህርት የተቀበልሁት በጎጃም አንገት ነው።

ጋዜጣው ሳይቀደድ በወጣ ቅዳሜ ወደ ዙሩ ተመለስን። አሁንም እወድቃለሁ። ሁልጊዜም የምወድቀው በዙሩ መጨረሻ፣ ዘንጉን መልሼ ልይዝ እጄን በምዘረጋበት ጊዜ ነው። ስለሆነም መጨረሻውን ለማስተካከል ስታገል ወራት አለፉ። እጄን ቀድሜ ዘረጋሁ፤ ዘግይቼ ዘረጋሁ፤ ፍጥነት ጨመርሁ፤ ቀነስሁ። አንድም ለውጥ አላመጣም። በመጨረሻ ልጄ በስልክ ቀርጻኝ ፊልሙን ምስል በምስል ቆጠርሁት። በሴኮንድ 30 ምስል በሚያነሣው ስልክ ዙሩ 24 ምስል ፈጀ፤ ይኸውም 0.8 ሴኮንድ ነው።

ያን ማታ እንደገና ወረቀት አወጣሁ። የአንድ ሰው የክብደት ማእከል ከወለሉ 1 ሜትር ያህል ከፍ ይላል እንበል። በአንድ እግር ጣቶች ግርጌ ሲቆም የሚያርፍበት ስፍራ ወርድ 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከመካከሉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያለው 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። 1 ዲግሪ ማዘንበል የክብደቱን ማእከል 1.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወስደዋል። እንግዲህ ከ2 ዲግሪ ጥቂት ካለፈ ክብደቱ ከመሠረቱ ውጭ ወጣ ማለት ነው። የቆመ ነገር ሲያዘነብል ደግሞ ማዘንበሉ በራሱ ላይ እየጨመረ ይሄዳል። በሰው ቁመት በግርድፉ ሲሰላ፣ ማስተካከያ ካልተደረገለት፣ በ0.8 ሴኮንድ ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ በመነሻው ላይ የነበረች፣ ማንም በዓይኑ የማያያት የግማሽ ዲግሪ ስሕተት፣ ዙሩ ሲያልቅ ሰውየውን ትጥለዋለች።

ባልደረቦቼ፣ ይህን ስሌት ጨርሼ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን እያየሁ ተቀመጥሁ። ስሕተቱ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው፤ የተሠራው ግን መጀመሪያ ላይ፣ እጄ ገና ዘንጉ ላይ ሳለ ነው። ዘንጉን ከመልቀቄ በፊት እጄ የነገረኝን አልሰማሁም ነበር። በዚያች በረንዳም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ፎርምዎርኩ ተነሥቶ፣ ሰው በረንዳው ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሁላችንም የምናየው መጨረሻውን ነበር። ስሕተቱ የተሠራው ግን ሙሌቱ ሳይጀመር፣ እኔ ከመሬት ቆሜ ብዕሬን ባወጣሁ ጊዜ ነው። ፎርማኑ ለኔ ዘንግ ነበሩ። የሠላሳ ዓመት ልምዳቸው የኔን ዓይን የሚያርምልኝ መለኪያ ሊሆን ይገባ ነበር። እኔ ግን ፍርሃቴን የምሰውርበት መደገፊያ አደረግኋቸው። የሳቸውም ዓይን ከሚችለው በላይ ተጫነበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጨረሻውን ረሳሁት። በመነሻው ላይ፣ ጉልበቴን አጥፌ ሳለሁ፣ መዳፌ ከዘንጉ ምንም እስከማይጠይቅ ድረስ ጠበቅሁ። ከዚያ ተነሣሁ። ቀዩን ብርሃን ተውሁት፤ መልሼም አገኘሁት። እጄ ወደ ዘንጉ ሲመለስ ዘንጉ ልክ በነበረበት ቦታ ጠበቀኝ። መምህርታችን አላጨበጨቡም። “በቀኝም እንደዚሁ” ብለው ወደ ሌላው ተማሪ ዞሩ።

አካባቢያችን ንፋስ ስልክ የሚለውን ስም ያገኘው፣ በዚያ ተተክሎ ከነበረው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፍ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። አባቶቻችን ሽቦ የሌለውን ስልክ በነፋስ የሚሄድ ስልክ አሉት። ሽቦው የቀረው ግን ስለ ተጠላ አይደለም፤ በሽቦ ላይ ለረጅም ዘመን የተሠራው ሥራ ያለ ሽቦ ለሚደረገው መሠረት ከሆነ በኋላ ነው። የዘንጉም ነገር እንደዚሁ ይመስለኛል። ዘንጉን አለመያዝ ጀግንነት አይደለም። እስከ ዛሬ ልምምዴን የምጀምረው ዘንጉን ይዤ ነው፤ ታላላቆቹ የባሌት ሰዎችም የዕለት ሥራቸውን የሚጀምሩት በዘንጉ ላይ ነው። የምንጠየቀው ዘንጉን መያዛችን አይደለም፤ አያያዛችን ነው።

ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ወደ መወጣጫው ተመልሻለሁ። የመጀመሪያው ቀን ከእነዚያው ፎርማን ጋር ነበርሁ፤ ያለፈውን ሁሉ፣ ፍርሃቴንም ጭምር ነግሬያቸው ነበር። ከፊቴ ቀድመው ወጥተው እጃቸውን ዘረጉልኝ። “ይያዙኝ፣ ኢንጂነር” አሉ። መዳፌን በመዳፋቸው ላይ አሳረፍሁ፤ አልጨመቅሁም። ልቤ ይመታ ነበር፤ አሁንም ይመታል። ነገር ግን እግሬ የት እንዳለ አውቅ ነበር። በአራተኛው ፎቅ ላይ ተንበርክኬ የላይኛውን ፌሮ በሜትር ለካሁ። ሦስት ቦታ ላይ ማስቀመጫው ጎድሎ አገኘሁ። ፎርማኑም አጎንብሰው አዩና፣ “ይህን እኔም አላየሁትም” አሉ። ከዚያ በኋላ ከመፈረሜ በፊት ሁለታችንም እናያለን፤ ሙሌቱ እስኪያልቅም ከሁለታችን አንዳችን ከላይ አንጠፋም።

ከዚህ ተነሥቼ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ “ታይቶ ተፈቅዷል” የሚለው ቃል በማን ዓይን፣ ከየት ቦታ ሆኖ እንደ ታየ በቅጾቻችን ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ተንጠልጣይ በረንዳና የመሳሰለው ሲሞላ፣ ከሙሌቱ በፊት ብቻ ሳይሆን ሙሌቱ እስኪፈጸም ድረስ የላይኛውን ፌሮ የሚጠብቅ ኃላፊ ሰው ከላይ ይቁም። ሦስተኛውና ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ አንድ መሐንዲስ “ዛሬ መውጣት አልችልም፤ ሌላ ሰው ይላክ” ማለት የሚችልበት፣ ይህን በማለቱም የማያፍርበት ልማድ በመካከላችን ይኑር። እኔ ይህንን አንዲት ዐረፍተ ነገር መናገር ብችል ኖሮ በረንዳው ባልፈረሰ፣ አንድ አዛውንትም ዘጠኝ ሌሊት እንቅልፍ ባላጡ ነበር።

ስለ ዙሩ የት እንደ ደረስሁ ለምትጠይቁኝ፣ አንዱን ዙር በአብዛኛው ቀጥ ብዬ እጨርሰዋለሁ። ሁለቱን በተከታታይ ከአምስት ሙከራ ሁለቴ ያህል ይሳካልኛል፤ በሦስቱ ልጄ ትስቃለች። ሠላሳ ሁለቱን ለባለሙያዎቹ ትቻለሁ።